እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ በቅሬያችሁ (በእድራችሁ) የእሳት ልምምድ እንዲህ አዘጋጁ

እሳት ትንሽ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በነዚያ ደቂቃዎች ቦታው ላይ የሚገኙት የቤቱ ሰውና አጥር የሚጋራው ጎረቤት ናቸው። የእሳት አደጋ መኪናው ገና እየተደወለለት ነው። ደሴን ደግሞ ታውቋታላችሁ። ከፒያሳው አስፋልት ትንሽ ወጣ ስትሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ባጃጅ እንኳ በግድ የሚያልፍበት ቅያስ ነው። የድሮዎቹ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ጣሪያቸው ተነካክቷል፣ ኮርኒሳቸው አቡጄዲ ወይ ማዳበሪያ ነው፣ ማድቤቱና መኝታ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ቶሎ የደረሰና የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ አንዱ ቤት ሲነድ የጎኑ ቤት አይተርፍም።

ስለዚህ ስልጠናው ሰፈር ውስጥ መግባት አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ወሎ ላይ ከቅሬ የተሻለ ነገር የለንም። ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚደረድር፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚያውቅ ስብስብ በየሰፈሩ አለን። ይሄው አቅም ሰው ሳይሞት በፊት ቢሠራ ምን አለበት? አንድ ቅዳሜ ወይ እሁድ ጠዋት ይበቃል።

መጀመሪያ የቅሬው ዳኛ በማህተም አንድ ደብዳቤ ለከተማችሁ የእሳት አደጋ መከላከያ ያስገቡ። ደብዳቤው ላይ የምትፈልጉትን በግልጽ ጻፉ። «ባለሙያ ይላክልን» ብቻ አትበሉ። ሁለት ሠራተኞች፣ አንድ መኪና፣ ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን የእሳት ማጥፊያ፣ ግማሽ ቀን፤ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ማን እንደሚመጣም አስቡበት። ስብሰባ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። ምድጃው አጠገብ የምትውለው ግን እማወራዋ ናት፣ የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ብቻቸውን የሚቆዩት ልጆች ናቸው። እነሱ ያልመጡበት ስልጠና ተካሄደ ለማለት ብቻ ነው የሚሆነው።

ባለሙያዎቹ እንደመጡ ንግግር አታስጀምሯቸው። ሰፈሩን አዙሯቸው። መኪናው እስከ የት ድረስ ይገባል? ከዚያ ወዲያ ቱቦው ስንት ሜትር ይዘረጋል? የተንጠለጠለ ሽቦ የት ጋ ዝቅ ይላል? ቅያሱ አፍ ላይ ሁልጊዜ የሚቆመው ባጃጅ የማነው? ውሃስ ከየት ይገኛል? 5,000 ሊትር የጫነ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ በ10 ደቂቃ ይጨርሳል። ስለዚህ በሰፈሩ ያሉት ትልልቅ ሮቶዎች የት የት እንደሆኑ፣ ግቢው ቢቆለፍ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። ይህን ዙር እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ለምን መሰላችሁ? ባለሙያውም ከእናንተ ይማራል። በእሳት ሰዓት በጨለማ የሚፈልገውን መንገድ በቀን አይቶታል።

ከዙሩ በኋላ ስልኩን አስተካክሉ። ብዙ ሰው በቴሌቪዥን የሰማውን 939 ነው የሚያስታውሰው፤ እሱ የአዲስ አበባ ነው። የከተማችሁን እሳት አደጋ ቀጥታ ቁጥር ከባለሙያዎቹ እዚያው ተቀበሉ፣ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ «እሳት» ብሎ ይመዝግበው፣ በየቤቱ በር ጀርባም ይለጠፍ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው እየደወለ ይለማመድ። ደንግጦ «ኧረ ድረሱ፣ ተቃጠልን!» ብሎ የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው። መባል ያለበት ይሄ ነው፦ «ሰኞ ገበያ ነው፣ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቅያስ። መኖሪያ ቤት ነው። ውስጥ አንድ አሮጊት አሉ። የጋዝ ሲሊንደር አለ። አስፋልቱ ላይ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ልጅ ይጠብቃችኋል።» ስልኩን እነሱ ሳይዘጉ አትዝጉ። ያ አስፋልት ላይ የሚቆመው ልጅ ማን እንደሆነም ከወዲሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ሠርቶ ማሳያው። ከዘይት ጀምሩ። ረመዳን ላይ መግሪብ ሊደርስ ሲል ስንት ቤት ሳምቡሳ እየተጠበሰ እንደሆነ አስቡት፤ ሁሉም ይቸኩላል፣ ዘይቱ ይግላል፣ ስልክ ይጠራል። ዘይቱ እሳት ከያዘ ብዙ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ውሃው ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ እዚያ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ እንፋሎቱ ከውሃው 1,700 እጥፍ ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ያ ሁሉ የሚነደውን ዘይት ይዞ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ባለሙያው ሜዳ ላይ፣ ሰዉን ራቅ አድርጎ፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባሰረው ጣሳ ትንሽ ውሃ ያፍስበትና ያሳያችሁ። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። እናንተ ግን በፍጹም አትሞክሩት። የምትለማመዱት ሌላውን ነው፦ ከድስቱ ሥር ያለውን ምድጃ ማጥፋት፣ ክዳን ወይ ሰፊ የብረት ትሪ ከራስ አቅጣጫ ወደ ፊት እያንሸራተቱ መክደን፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት። ድስቱን አንስቶ ወደ ውጭ መሮጥ ክልክል ነው። እጅ ላይም ልብስ ላይም የሚደፋው ያኔ ነው።

የእሳት ማጥፊያውን ሁሉም በእጁ ይያዘው። ማየት ብቻ አይበቃም። 6 ኪሎ ዱቄት ያለው ማጥፊያ የሚረጨው ወደ 15 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ የለም። ቀለበቱን ሳቡ፣ አፉን የእሳቱ ሥር ላይ አነጣጥሩ፣ እጀታውን ጨብጡ፣ ግራ ቀኝ እያላችሁ ጥረጉ። ነበልባሉ ላይ የረጨ ሰው ዱቄቱን ለአየር ሰጠው። ከሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፣ ንፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ፣ መውጫው በርም ከጀርባችሁ ይሁን። አንዱ ማጥፊያ ካላጠፋው ነገሩ ከእናንተ አቅም በላይ ነው፤ ውጡና በሩን ከኋላችሁ ዝጉ። የተዘጋ በር አየር ይከለክላል፣ እሳቱንም ያዘገየዋል። ቅሬው ድንኳንና ድስት እንደሚገዛው ሁሉ ሁለት ሦስት ማጥፊያ ቢገዛ ለየቤቱ የሚደርሰው መዋጮ ብዙ አይሆንም። ስትሰቅሉት ከምድጃው በላይ ሳይሆን መውጫው አጠገብ ይሁን።

ለልጆች ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ትንንሽ ልጆች እሳት ሲያዩ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይደበቃሉ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ጭንብሉን አድርጎ፣ በአየር መሣሪያው እየተነፈሰ ሲገባ ደግሞ አስፈሪ ፍጡር ይመስላቸዋል፣ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። ስለዚህ ባለሙያው ልጆቹ ፊት ይልበስ። መጀመሪያ ኮቱን፣ ቀጥሎ የአየር ሲሊንደሩን፣ መጨረሻ ጭንብሉን። እያንዳንዱን ሲለብስ ስማቸውን እየጠራ ያናግራቸው፣ ጭንብሉን ካደረገ በኋላም ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ይጨብጥ። ከዚያ የጭሱን ልምምድ ያድርጉ፦ ዓይናቸውን በሻሽ ሸፍናችሁ፣ በእጅና በጉልበት እየዳኹ፣ አንድ እጅ ግድግዳው ላይ ሳይለቅ እስከ በሩ። ጭስ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚሞላው፣ የሚተነፈሰው አየር ወለሉ አጠገብ ነው። የተዘጋ በር ከመክፈታቸው በፊት በእጃቸው ጀርባ ይንኩት፤ ከጋለ አይከፈትም። ልብሳቸው ከተያያዘ አይሮጡም፤ ይወድቃሉ፣ ፊታቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፣ ይንከባለላሉ። ትልቅ ሰው ሊያለብሳቸው ከፈለገ ወፍራም ጋቢ ወይ በርኖስ ይሁን፤ ናይለን ይቀልጥና ገላ ላይ ይጣበቃል።

ስለ መብራት አጭር ልበል። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ቀጭኗ ማከፋፈያ ይህን አትችልም፣ ከውስጥ እየቀለጠች ነው የምትሠራው። ምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ካውያና ምጣዱን ነቅላችሁ ውጡ። እናንተ ገበያ ሳላችሁ መብራት ይመጣል። በልምምዱ ቀን ሁሉም የቤቱን ብሬከር በጨለማ ዳብሶ ማጥፋት ይሞክር። ብሬከሩ ሳይጠፋ በሽቦ እሳት ላይ ውሃ አይደፋም።

ብርዱንም መርሳት አይቻልም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ማታ ቡና ተጠጥቶ የተረፈውን ከሰል መኝታ ቤት ማስገባት የለመድነው ነው። «ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቷል» ይባላል። የሚገድለው ጋዝ ግን ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ የቀላው ከሰልም ያወጣዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ የተኙትን ቀስቅሱ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከሰሉ ውጭ ይደር። በሞቴ ይህቺን አትለፏት።

ሲሊንደር ያላችሁ ደግሞ፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ከሸተታችሁ ማብሪያ አትንኩ፣ ለማጥፋትም ቢሆን። ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ። ጎማው ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፣ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ተጨማሪ ሁለት ነገር አለባችሁ። አንደኛው ፋብሪካው ነው። የምትሠሩበት ቦታ የመውጫ በር በሥራ ሰዓት ተቆልፎ ከሆነ፣ ወይ ካርቶንና ጥቅል ጨርቅ ከተደረደረበት፣ ዝም አትበሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ብናኝ ጥጥና ክር በጨረፍታ ብልጭታ የሚያያዝ ነገር ነው። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው የነዳጅ ቦቴ በእናንተ በኩል ያልፋል። ቦቴ ከተገለበጠ ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም፤ የቤንዚን ተን ደግሞ መሬት ለመሬት ሄዶ ሲጋራውን፣ የባጃጁን ሞተር፣ ራቅ ያለውን የሻይ ምድጃ ያገኛል። ያን ጊዜ መሮጥ አይቻልም። ልጆቻችሁን ያዙ፣ ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሽቅብ ራቁ፣ ሌላውንም አስቁሙ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ከደረሱ በኋላ ያለውን ነገር ሳይለማመዱ የሚበተኑ ብዙ ናቸው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ይሄ ነው። ከቅሬው አንድ ሰው ብቻ አለቃቸውን ያናግር፦ ውስጥ ማን አለ፣ ሲሊንደሩ የት ነው፣ መብራቱ ጠፍቷል ወይ። ሌላው ሕዝብ ከቱቦው ይራቅ። ውሃ የሞላ ቱቦ ከእጅ ካመለጠ ሰው ይጥላል። መኪና አይለፍበት። ለመርዳት ብላችሁ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ፤ የተቃጠለ ወራጅ አይሸከምም፣ ሽቦም የነካው ይኖራል። ሠራተኛው ጭስ ውስጥ የሚቆየው በጀርባው የተሸከመው አየር እስኪያልቅ ነው። መንገድ ለማስለቀቅ ሲጨቃጨቅ የሚያጠፋው ደቂቃ ከሕይወት ላይ ነው የሚቀነሰው።

ለተቃጠለ ሰው ቀለበትና ሰዓቱን ቶሎ አውልቁለት፣ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያዙለት። በረዶ አይሆንም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ማር፣ እንቁላል አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑና ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከተጎጂው ጋር የሚሄደው ሰው «አብሽር» እያለ ያናግረው፣ ሌላው ሰው እንዲሞቀው የቀረውን ገላውን ያልብሰው።

ከመበተናችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የሚደውለው፣ አስፋልት ላይ የሚቆመው፣ ብሬከር የሚያጠፋው፣ አቅመ ደካሞችን የሚያወጣው፣ ሰው የሚቆጥረው። ለእያንዳንዱ ምትክ ይኑር፣ ያ ቀን ሲመጣ ዋናው ሰው ከተማ ውስጥ ላይኖር ይችላልና። ሁሉም የሚሰበሰብበትን አንድ ሜዳ ምረጡ። በየወሩ መዋጮ ሲሰበሰብ የማጥፊያዎቹ ጠቋሚ አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታይ። ቀጣዩን ልምምድ ከኅዳር 12 በፊት አድርጉት። ያን ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ አጠገቡ ሁለት ባልዲ ውሃ ሳይቀመጥ ማንም ክብሪት እንዳይጭር እዚያው ስብሰባ ላይ ወስኑ።