ለሥራ ብለን ስንዛወር ታክስ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ወዳጄ ሥራ አግኝቶ ከቨርጂኒያ ወደ ሳን ሆሴ፣ ካሊፎርኒያ ሄደ። የታክስ ወቅት ሲደርስ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በቪዲዮ አሳየኝ። የዩሃል (የዕቃ መጫኛ መኪና ኪራይ) አለ፣ የቤንዚን አለ፣ የሞቴል አለ። መንገድ ላይ የበላው በርገር እንኳ አልቀረም። “ይሄ ሁሉ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢዬ ላይ ይቀነስልኛል አይደል?”

“ለሥራ ስለሄድኩ ይቀነሳል” ማለት ዋናው ስህተት ነው። ድሮ ይቀነስ ነበር። በ2017 መጨረሻ የወጣው ሕግ ግን ከ2018 ጀምሮ አስቀረው። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። በእኛ ካሰላችሁት ነገሩ የትናንት ይመስላል።) እገዳው 2025 ላይ ያበቃል ሲባል፣ ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ጭራሽ ቋሚ አደረገው። ስለዚህ “ይመለሳል” የሚላችሁ ሰው ወሬው ቆይቷል። ፌደራል ላይ አሁንም የሚቀነስላቸው በትእዛዝ የሚዛወሩ ወታደሮች ናቸው፤ ከ2026 ጀምሮ የስለላ ተቋማት ሠራተኞችም ተጨምረዋል። ቤታችሁ ወታደር ካለ የመዛወሪያ ወጪ የሚሞላበትን ፎርም 3903ን ይጠይቅ።

“ፌደራሉ ከከለከለ ስቴቱም ያው ነው” ብሎ መተውም ያስከፍላል። ካሊፎርኒያ የፌደራሉን ለውጥ አልተከተለችም፤ ኒው ዮርክም እንዲሁ። ወዳጄ የተረፈው በዚህ ነው። መስፈርት ግን አለው። አዲሱ መሥሪያ ቤት ከቀድሞው ቤታችሁ ያለው ርቀት፣ የድሮው ሥራ ከነበረው ርቀት ቢያንስ በ50 ማይል መብለጥ አለበት። ተቀጣሪ ደግሞ ከገባ በኋላ ባሉት 12 ወራት ውስጥ 39 ሳምንት ሙሉ ሰዓት መሥራት ይጠበቅበታል። ዕቃ ማጓጓዣውና ሞቴሉ ይያዛሉ። በርገሩ አይያዝም፤ ስነግረው በጣም ከፋው።

ቀጣሪ የሚሰጠውን የመዛወሪያ ገንዘብ እንደ ስጦታ መቁጠር ሌላው ስህተት ነው። ፌደራል ላይ ደመወዝ ነው፤ ደብሊው ቱ ላይ (ቀጣሪ በየዓመቱ የሚሰጣችሁ የደመወዝ ወረቀት) ይገባል። 5,000 ዶላር ቃል ተገባላችሁ እንበል። ብዙ ቀጣሪዎች ከእንዲህ ያለ ክፍያ 22 በመቶ ለፌደራል ይይዛሉ። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ ይወስዳሉ። እጃችሁ የሚገባው 3,500 ዶላር ገደማ ነው፤ የስቴቱ ገና አልተነካም። “ታክሱን ትችሉልኛላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ፣ ግን ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት። ከገባችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ሥራ ፍለጋስ? ለሲቪ ማተሚያ፣ ለኤጀንሲ፣ ለኢንተርቪው ጉዞ ያወጣችሁት ፌደራል ላይ ከ2018 ወዲህ ዜሮ ነው። ድሮም ቢሆን ለመጀመሪያ ሥራ ወይም ሙያ ለመቀየር አይፈቀድም ነበር።

ኡበር የምትነዱ ወይም የራሳችሁ ትራክ ያላችሁ ደግሞ የቤት ዕቃ ማጓጓዣችሁን የቢዝነስ ወጪ ውስጥ አትክተቱ። ሶፋችሁ ቢዝነስ አይደለም።

“ታክስ ሠሪው ነው ያስገባው” ማለትም አያድንም። ፎርሙ ላይ ስማችሁ አለ፣ ፊርማውም የእናንተ ነው። አይአርኤስ (የፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ቸልተኝነት ነው ካለ፣ ባልተከፈለው ታክስ ላይ 20 በመቶ ቅጣት ሊጨምር ይችላል። ሪፈንዱ ካሰባችሁት በላይ አምሮ ከመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱ ተቀናሽ ከየት እንደመጣ በጣቱ እየጠቆመ ያሳያችሁ።