ጃፓን ለገባ ሐበሻ፦ ምጣድ፣ ጀበና፣ ጾምና ቾፕስቲክ

ሻንጣችሁ ውስጥ ምጣድ አትክተቱ። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው። አገር ቤት በ220 የሚሠራ ምጣድ እዚህ ሲሰካ ከሙቀቱ የሚሰጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ትራንስፎርመርም አያድንም። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ100 ቮልት 35 አምፔር ይፈልጋል፤ የግድግዳው ሶኬት የሚችለው ግን 15 ነው። ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል።

የሚያዋጣው እዚሁ የሚሸጠው «ሆቶ ፑሬቶ» የሚባል የኤሌክትሪክ መጥበሻ ነው። አብዛኛው ከ1200 እስከ 1300 ዋት ይስባል፣ ክዳንም አለው። ስትገዙ ጠፍጣፋ መጥበሻ ያለው መሆኑን እዩ፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ለታኮያኪ (ኦክቶፐስ ያለበት ድብልብል ጥብስ) ነው። ሊጡን ከማፍሰሳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አግሉት፤ በዚያው መስመር ላይ ሩዝ ማብሰያ ወይም ማይክሮዌቭ አብራችሁ አትሰኩ። እንጀራው ያንሳል፣ ግን እንጀራ ይሆናል።

የሸክላ ጀበና ደግሞ «አይ ኤች» በሚባለው ጠፍጣፋ ምድጃ ላይ በጭራሽ አይሞቅም፤ ምድጃው የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። በጣሳ ጋዝ የሚሠራ «ካሴቶ ኮንሮ» ግዙና መስኮት ከፍታችሁ ተጠቀሙ። ቡና ከመቁላታችሁ በፊት የማእድ ቤቱን ጢስ መሳቢያ አብሩ፤ የጢስ ማስጠንቀቂያ በየቤቱ በሕግ የተደነገገ ነው፣ ይጮኻል። እጣኑን ቀነስ አድርጉ። ግድግዳው የተለበጠው በወረቀት መሰል ነገር ስለሆነ ሽታና ጥላሸት ይይዛል፤ ስትለቁ ከመያዣ ገንዘባችሁ («ሺኪኪን») ሊቆረጥ ይችላል።

ጾመኛን የሚያስቸግረው ሥጋው አይደለም፤ ሥጋማ ይታያል። የማይታየው «ዳሺ» ነው። ዳሺ የጃፓን ምግብ ሁሉ መሠረት የሆነ ቀጭን መረቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከካትሱኦቡሺ፣ ማለትም ደርቆና በጢስ ታጥኖ ከተላገ ዓሣ ነው። የሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) ሾርባ፣ የኑድል መረቅ፣ የተቀቀለ አትክልት፣ ከናቶ (ከተብላላ አኩሪ አተር) ጋር የምትመጣው ትንሿ የስጎ ከረጢት ሳትቀር ይህ አለባቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባታችሁ ትተናል፤ የማይበላ ሰው ግን አስተናጋጁን «አትክልት ብቻ» ማለቱ አይበቃውም። ለብዙ ጃፓናዊ መረቅ እንደ ዓሣ አይቆጠርምና። እንዲህ በሉ፦ «ኒኩ፣ ሳካና፣ ዳሺ ዋ ታቤራሬማሴን»። ሥጋ፣ ዓሣና ዳሺ መብላት አልችልም ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ወተትና እንቁላል በአለርጂ ምክንያት በታሸገ ምግብ ላይ የግድ ይጻፋሉ፤ ዳቦ ስትገዙ ይህን አትዝለሉ። የዳሺው ዓሣ ግን ከግዴታው ውስጥ ስለሌለ የአለርጂ ሠንጠረዡ ንጹሕ ቢመስልም የጥሬ ዕቃውን ዝርዝር በስልካችሁ ካሜራ አስተርጉማችሁ «ካትሱኦ» (የዳሺው ዓሣ) እና «ግዮካይ ኤኪሱ» (የዓሣና የባሕር ምግብ ጭማቂ) የሚሉትን ፈልጉ። ሚሶም «ዳሺ ኢሪ» (ዳሺ የገባበት) ከተባለ ዓሣ ተቀላቅሎበታል።

ቤት ውስጥ ያለ ዓሣ መሥራት ቀላል ነው። 10 ግራም ኮምቡ (የደረቀ የባሕር አረም) በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አሳድሩ፣ በዝግታ አሙቁና ሊፈላ ሲል አውጡት። ከፈላ ውኃው ይዝለገለጋል፣ ይመራልም። ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) እና አትክልት ጨምራችሁ ሲበስል እሳቱን አጥፉ፤ ሚሶው የሚበጠበጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ። ሚሶ ሲፈላ መዓዛው ይጠፋል። ለምስር ወጥ ምስር ክኩን፣ እርዱንና ኮረሪማን የሚተካውን ሄል ቶኪዮ ሺን ኦኩቦ ካሉት የሐላል ሱቆች ታገኛላችሁ።

አድራሻ ለማስመዝገብ (ቤት ከገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ግዴታ ነው) ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ የትኛው ቆሻሻ በየትኛው ቀን እንደሚወሰድ የሚያሳየውን የቆሻሻ ቀን መቁጠሪያ ጠይቁ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት የቶኪዮው ካትሱሺካና ጎረቤቱ ወረዳ እንኳ ቀናቸው ይለያያል። በተመደበው ቀን ጠዋት አውጡ፤ ማታ ከወጣ ቁራ ይበታትነዋል። በስህተት የተለየ ከረጢት ማሳሰቢያ ተለጥፎበት እዚያው ይቀራል፣ ጎረቤትም የማን እንደሆነ አይጠፋውም። የተረፈ ዘይት ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም፤ የሚያረጋ ዱቄት ይሸጣል። በቶኪዮ 23 ወረዳዎች 30 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ በቀጠሮና በክፍያ ነው የሚወሰደው፤ ያረጀ መሶብም ከዚሁ ይመደባል።

ጫማ በር ላይ እንደሚወልቅ ሁሉም ያውቃል። የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው ነው፦ ታታሚ (የሣር ምንጣፍ ወለል) ላይ በነጠላ ጫማም አይረገጥም፣ የመጸዳጃ ቤቱ ነጠላ ጫማም እዚያው ይቀራል።

ጉርሻ የለመደ እጅ ማእድ ላይ ይጠንቀቅ። ምግብ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ አይቀባበልም። ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንቱን የሚለቅመው በቾፕስቲክ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፤ ቅብብሉ ያንን ያስታውሳል። ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካትም ለሙት የሚቀርበውን ሩዝ ይመስላል። ሰው ማጉረስ ከፈለጋችሁ በትንሿ ሳህን («ቶሪዛራ») ላይ አድርጉና ፊቱ አኑሩለት፤ ራሱ ያነሣዋል።