ከወጥ ቤት ጨው ትልቅና ጥርት ያለ ክሪስታል እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

በቤቱ ኬሚስትሪ መሞከር ለሚፈልግ ሰው ከወጥ ቤት ጨው የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ የሚያስፈልገውም ዕቃ በየቤቱ ይገኛል። ሆኖም ብዙ ጀማሪዎች ውሃ አፍልተው፣ ጨው አሟሙተው፣ እስኪቀዘቅዝ ከጠበቁ በኋላ በብርጭቆው ሥር የተጋገረ ነጭ ደቃቅ ብቻ ስለሚያገኙ ሥራውን ይተዉታል። ስህተቱ የእጃቸው ሳይሆን የዘዴው ነው።

100 ሚሊ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት 36 ግራም ያህል ጨው ያሟማል፤ ሲፈላም የሚያሟማው ወደ 39 ግራም ብቻ ነው። ስኳር ግን በክፍል ሙቀት በዚያው መጠን ውሃ ውስጥ 200 ግራም ያህል፣ በፈላ ውሃ ደግሞ ከዚህ እጥፍ በላይ ይሟማል። የስኳር ክሪስታል የፈላውን በማቀዝቀዝ ሊገኝ የሚችለውም ለዚህ ነው። ጨውን ማቀዝቀዝ የሚያስገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ትልቅ የጨው ክሪስታል ለማግኘት ውሃው ቀስ ብሎ እንዲተን መጠበቅ የግድ ነው። ፈጠን ያለ ትነት ብዙ ትናንሽ ክሪስታሎችን ሲወልድ፣ የዘገየ ትነት ደግሞ ጥቂት ትልልቆችን ያሳድጋል።

በመጀመሪያ ግማሽ ሊትር ውሃ አሙቁና 200 ግራም ጨው ጨምሩበት። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ሳይሟማ መቅረቱ ተፈላጊ ነው፤ ውሃው ጨው መጥገቡን የምናውቀው በዚያ ነው። የተጣራና ምንም ያልተጨመረበት ጨው ከተገኘ ይመረጣል። በአዮዲን የበለጸገው ጨው ሥራውን አያግድም፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ጨው እንዳይጋገር የሚከላከል ንጥረ ነገር ግን የክሪስታሉን ቅርጽ ያዛባል። ከአፋር ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌም ያገለግላል፤ ነገር ግን ጭቃና ሌሎች ባዕድ ነገሮች ሊኖሩበት ስለሚችል በደንብ መጣራት ይኖርበታል። ሙሙቱን፣ ማለትም ጨው የሟሟበትን ውሃ፣ ለአንድ ሌሊት አሳድራችሁ ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፤ ከዚያም በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወይም በድርብ ንጹሕ ጨርቅ አጣሩት። ዕቃው የመስታወት ይሁን፤ ብረት በጨው ይዝጋል።

ቀጥሎ ዘር የሚሆነው፣ ማለትም ትልቁ ክሪስታል የሚያድግበት ትንሽ ክሪስታል ይዘጋጃል። ከሙሙቱ ጥቂት በዝርግ ሳህን ላይ አፍሱና ከነፋስና ከፀሐይ ርቆ እንዲቆይ አድርጉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሳህኑ ላይ ትናንሽ ኩቦች ይታያሉ። በማጉያ መነጽር ብታዩአቸው ጠርዛቸው ቀጥ ያለ፣ ማዕዘናቸውም ቀኝ ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ1913 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቁ ሎረንስ ብራግ ጨውን በኤክስሬይ ሲመረምር ሶዲየምና ክሎሪን በሦስቱም አቅጣጫ በቀኝ ማዕዘን እየተፈራረቁ እንደተደረደሩ ያሳየ ሲሆን፣ በሳህኑ ላይ የሚታየው ኩብም የዚያው አደረጃጀት ውጤት ነው። ከመካከላቸው ጥርት ያለውንና ያልተጣበቀውን በወረንጦ ምረጡ። በዚህ ደረጃ መቸኮል አያዋጣም፤ የተሰነጠቀ ዘር ስንጥቁን ይዞ ያድጋል።

ዘሩን ወደ ዋናው ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ሙሙቱ ክሪስታሉ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ሳይሟማ ከተረፈው ጨው ጋር ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፤ ከዚያ ጥርት ያለውን ብቻ ወደ ንጹሕ ብርጭቆ ገልብጡ። ዘሩን በመስታወቱ ሥር አስተኝታችሁ የብርጭቆውን አፍ በወረቀት ሸፍኑት። ወረቀቱ አቧራ ይከላከላል፤ ትነቱንም ያዘገያል። ከሥሩ የተነካው ገጽ ስለማያድግ በየሁለት ቀኑ በወረንጦ አገላብጡት፤ አለበለዚያ ኩቡ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዙሪያው ሌሎች ክሪስታሎች ሲበዙ ዋናውን ወደ ሌላ ንጹሕ ብርጭቆ ከነሙሙቱ አዛውሩት፤ ውሃው ደግሞ ተጣርቶ ይመለስ።

ከዚህ በኋላ የሚያጋጥሙት ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ ምክንያታቸው ይታወቃል። ዘሩ በአንድ ሌሊት ከሟሟ ሙሙቱ ጨው አልጠገበም ነበር፤ ከተረፈ ጨው ጋር እንደገና ይቀመጥ። ክሪስታሉ ነጭና ደብዛዛ ከሆነ በፍጥነት በማደጉ የውሃ ጠብታዎችን በውስጡ አስቀርቷልና መሸፈኛው ይጥበቅ። በሙሙቱ ገጽ ላይ ውስጣቸው ጎድጓዳ የሆነ የተገለበጠ ፒራሚድ የመሰሉ ክሪስታሎች ከታዩ ትነቱ ፈጥኗል ማለት ነው። እነዚህ ቢያምሩም ለዘር አይሆኑም። ክሪስታሎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከተዘረጉ የመጋገር መከላከያውን መጠርጠርና የጨውን ዓይነት መቀየር ይገባል። ጨው በብርጭቆው ግድግዳ ላይ እየወጣ ከዳር ከፈሰሰ ደግሞ የዕቃውን አፍ ውስጠኛ ዳር ቫዝሊን መቀባት ያስቆመዋል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የክረምቱ ችግር ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጨው የጠገበ ውሃ መትነኑን ያቆማል፤ ከዚያም አልፎ ከአየሩ ውሃ መሳብ ይጀምራል። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች በሐምሌና በነሐሴ ሥራ የጀመረ ሰው ለሳምንታት ምንም ለውጥ ላያይ፣ ያሳደገውም ሲሟሟ ሊያይ የሚችለው ለዚህ ነው። ሥራውን ከመስቀል በኋላ መጀመር ይሻላል። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ብርጭቆውን ሙቀቱ በማይለዋወጥ ደረቅ ክፍል ማስቀመጥ ይረዳል፤ በምድጃ ላይ ግን አይቀመጥ፤ ሙቀቱ ሲለዋወጥ ክሪስታሉ ይሰነጠቃል።

ክሪስታሉ በቂ ካደገ በኋላ በውሃ አይታጠብ፤ በለስላሳ ወረቀት ጠርጋችሁ አድርቁትና በደንብ በሚዘጋ ማሰሮ አስቀምጡት። አንዳንዶች ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይቀቡታል፤ እርጥበት ለመከላከል ይረዳል፤ ነገር ግን የገጹን ተፈጥሯዊ አንጸባራቂነት ስለሚቀንስ እኔ የማሰሮውን እመርጣለሁ።

ሰማያዊ ክሪስታል ለማሳደግ የሚፈልጉ ኮፐር ሰልፌት የተባለውን የመዳብ ውህድ እንደሚመርጡ ይታወቃል። ቁሱ መርዛማ ስለሆነ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ሕጻናት ባሉበት ቤትም ጨርሶ ባይሞከር ይሻላል። የጨው ሙሙት ለዚህ ሥጋት የለበትም፤ የተረፈው ተጣርቶ ለቀጣዩ ዘር ያገለግላል። ለመጣል የሚፈልግ ደግሞ በብዙ ውሃ አቅጥኖ ወደ ፍሳሽ ይልቀቀው፤ አትክልት ባለበት አፈር ላይ ማፍሰስ ተክሉን ያደርቃል።