የእንቁራሪትን መኖሪያ ሙቀትና እርጥበት ያለ አደጋ መጠበቅ

እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም። ውሃ የምትወስደው በቆዳዋ፣ በተለይም በሆዷ የታችኛው ክፍልና በጭኖቿ ሥር ባለው ስስ ቆዳ ሲሆን፣ ከሚያስፈልጋት ኦክስጅንም ከፊሉ የሚገባው በዚሁ እርጥብ ቆዳ በኩል ነው። የሰውነቷን ሙቀት ደግሞ ራሷ ስለማታመነጭ የምትሞቀውም ሆነ የምትቀዘቅዘው እንደ አካባቢዋ ነው። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ለምትኖር እንቁራሪት እንግዲህ የሳጥኑ ሙቀትና እርጥበት መጠጧን፣ ትንፋሿንና የበላችውን የመፍጨት አቅሟን ይወስናሉ። በዱር ብትሆን አየሩ ሲከፋባት ወደ ቅጠል ሥር ወይም ወደ ጭቃ ትሸሻለች፤ በሳጥን ውስጥ ግን መሸሻዋ አሳዳጊዋ ያዘጋጀላት ብቻ ነው።

ማንኛውንም ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት የእንቁራሪትዎን ዝርያ በትክክል ይወቁ፤ ምክንያቱም ለአንዷ የሚስማማው ሙቀት ሌላዋን ሊገድል ይችላል። የአውስትራሊያዋ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት ቀን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌሊት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ፣ ከ50 እስከ 70 በመቶ ከሚደርስ እርጥበት ጋር ይስማማታል። ፓክማን በመባል የምትታወቀው አፈ ሰፊ የደቡብ አሜሪካ እንቁራሪት ተመሳሳይ የቀን ሙቀት ብትፈልግም እርጥበቱ ከ60 እስከ 80 በመቶ ቢሆንላት ይሻላል። ደማቅ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን የመርዝ እንቁራሪቶች በተቃራኒው ከ21 እስከ 26 ዲግሪና ከ80 በመቶ የማያንስ እርጥበት ይፈልጋሉ፤ ሙቀቱ ከ29 ዲግሪ ካለፈ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። ሆደ ቀይ የእሳት እንቁራሪት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ በሆነ አየር ደኅና ስለምትኖር፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ማሞቂያ ጨርሶ አያስፈልጋትም።

ቀጥሎ የሚመጣው መለኪያ ነው። ክብ ሰሌዳ ያላቸው በመርፌ የሚሠሩ ርካሽ መለኪያዎች፣ በተለይ የእርጥበቶቹ፣ ብዙ ስለሚያሳስቱ ዲጂታል መለኪያ ይምረጡ። አንድ መለኪያ በቂ አይደለም፤ አንዱን በሞቃቱ ጎን፣ ሌላውን በቀዝቃዛው ጎን እንቁራሪቷ በምትቀመጥበት ከፍታ ላይ ያድርጉ። የእርጥበት መለኪያው እውነቱን መናገሩን ለማወቅ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ያድርጉና እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ጥቂት የውሃ ጠብታ ይጨምሩበት፤ ጨው መሟሟት የለበትም። ክዳኑንና መለኪያውን አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ዘግተው በክፍል ሙቀት አንድ ሌሊት ያሳድሩ። በውስጡ ያለው አየር 75 በመቶ እርጥበት ላይ ስለሚረጋ መለኪያው 70 ቢያሳይ ሁልጊዜ 5 መደመር እንዳለብዎ ያውቃሉ ማለት ነው። ይህን ፈተና የሚያደርጉ አሳዳጊዎች ጥቂቶች ናቸው፤ እኔ ግን በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ወራት ሙሉ ከመርጨት አንድ ሌሊት መጠበቅን እመርጣለሁ።

ሙቀትና እርጥበት አንዱ ያለ ሌላው አይስተካከሉም፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣውም ይህን ካለማስተዋል ነው። መለኪያው የሚያሳየው አንጻራዊ እርጥበትን፣ ማለትም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ ወደ 17 ግራም የውሃ ተን ሲይዝ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 30 ግራም ይይዛል። በ20 ዲግሪ 80 በመቶ እርጥበት የነበረው አየር ምንም ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 30 ዲግሪ ቢሞቅ ታዲያ እርጥበቱ ወደ 46 በመቶ ይወርዳል። ከሳጥኑ አንዲት ጠብታ ሳትወጣ አየሩ ለእንቁራሪቷ ደረቅ ሆነ ማለት ነው። ማሞቂያ የጨመረ ሰው እርጥበቱንም እንደገና መለካት አለበት፤ ብዙ የረጨ ሰውም የሚተነው ውሃ ሳጥኑን እንደሚያቀዘቅዘው ማሰብ አለበት።

ስለ ማሞቅ ስናነሳ በመጀመሪያ የሚታሰበው ክፍሉ ነው። የክፍሉ ሙቀት ዝርያዋ ከምትፈልገው በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ ብቻ የሚያንስ ከሆነ ሳጥኑን ከመስኮትና ከበር ነፋስ ማራቅ ሊበቃ ይችላል። ማሞቂያ ካስፈለገ ለአብዛኞቹ እንቁራሪቶች የሚሻለው በሳጥኑ የጎን መስታወት ላይ ከውጭ የሚለጠፍ ማሞቂያ ምንጣፍ ነው። ከአንድ ጎን ከሲሶ የማይበልጥ ቦታ ቢሸፍን ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚቀር እንቁራሪቷ እንደ ፍላጎቷ ትመርጣለች። ምንጣፉን ከሳጥኑ ሥር ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። እንቁራሪት ስትሞቅ የምታውቀው ማምለጫ ወደ ታች መቆፈር ነው፤ ከሥር የሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ግን ቅዝቃዜ ፍለጋ በቆፈረች ቁጥር ወደ እሳቱ ትጠጋለች። በዚያ ላይ ወፍራም አፈር ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ምንጣፉም ሆነ ሌላ ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን ከሚያበራና ከሚያጠፋ መሣሪያ ውጭ፣ መሥራት የለበትም። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ቁጠባ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። የቴርሞስታቱ የመለኪያ ጫፍ ከማሞቂያው አጠገብ በጥብቅ መታሰር አለበት፤ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ቀዝቃዛው ጎን ወይም ወደ ውሃ ሳሕኑ ከወደቀ መሣሪያው ሳጥኑ እንደቀዘቀዘ ቆጥሮ ያለማቋረጥ ያሞቃል። ተለጣፊ ፕላስተር በእርጥበት ስለሚለቅና የእንቁራሪትን ስስ ቆዳ ስለሚልጥ በውስጥ በኩል አይጠቀሙበት። ሁሉንም ካገናኙ በኋላ እንቁራሪቷን ሳያስገቡ ለ48 ሰዓት ያሠሩትና ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ቁጥር ይመዝግቡ። ከላይ የሚንጠለጠል አምፖል ወይም የሴራሚክ ማሞቂያ አየሩን በፍጥነት ስለሚያደርቅ ከክዳኑ ውጭ እንጂ እንቁራሪቷ ዘልላ ልትነካው በምትችልበት ቦታ አይሁን። የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ቆዳዋን ስለሚያቃጥል ጨርሶ አያስፈልግም። ቀጥተኛ ፀሐይ ደግሞ የመስታወት ሳጥንን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ምድጃ ይለውጠዋል።

እርጥበትን የሚይዘው በዋናነት ወለሉ ነው። የኮኮናት ቃጫ፣ ስፋግነም የተባለው ውሃ መጣጭ ሞስና የደረቀ ቅጠል ተደራርበው ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ አየር ይለቃሉ፤ ከሥራቸው የሸክላ ጠጠር ንጣፍ ቢኖር ትርፉ ውሃ ወደዚያ ስለሚወርድ ሥሩ አይበሰብስም። ልኩን ለማወቅ አንድ እፍኝ ወስደው ይጭመቁት፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ ደኅና ነው፤ እየፈሰሰ ከወረደ ግን በዝቷል። እርጥብ አየርና የጨቀየ ወለል አንድ አይደሉም። ሁልጊዜ በጨቀየ ወለል ላይ የምትቀመጥ እንቁራሪት ቆዳዋ በባክቴሪያ ይጠቃል፤ የሆዷና የእግሮቿ ሥር መቅላትም የዚህ ዓይነት ሕመም የታወቀ ምልክት ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ይርጩ፤ በመካከሉ የቅጠሎቹ ገጽ እስኪደርቅ ይታገሡ። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ወንፊት ከሆነና እርጥበቱ ቶሎ ካመለጠ ከፊሉን በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ ጨርሶ መዝጋት ግን አየሩን አፍኖ ሻጋታ ያመጣል። ጉም የሚፈጥሩ መሣሪያዎች ያምራሉ፤ ይሁን እንጂ የውሃ ማጠራቀሚያቸው በየሳምንቱ ካልጸዳ በውስጡ ያደገውን ጀርም ሁሉ ወደ እንቁራሪቷ ሳንባ ይነፋሉ።

የምትረጩት ውሃ በቆዳዋ በኩል ወደ ሰውነቷ ስለሚገባ እንደ መጠጥ ውሃ ሊታሰብ ይገባል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ክዳን በሌለው ዕቃ ለ24 ሰዓት ቢቀመጥ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተናል፤ ክሎራሚን የተባለው ሌላው የውሃ ማከሚያ ግን እንዲህ በቀላሉ ስለማይወጣ ለዓሣ ገንዳ በሚሸጠው ማጣሪያ ጠብታ ማስወገድ ያስፈልጋል። የተጣራ ዲስቲልድ ውሃ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ስለማይተው ለመርጨት ጥሩ ነው፤ ለምትዘፈዘፍበት ሳሕን ግን ማዕድን ስለሌለው የሰውነቷን ጨው ሊያዛባ ይችላል።

ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ እንደገና ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከቀለሱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያውን ከሳጥኑ በላይ እንጂ በሥሩ አያስቀምጡ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ኃይሉን የሚያቋርጥ መከላከያም ይኑረው።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ በላይ እንቁራሪቷን መመልከት ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ከውሃ ሳሕኑ የማትወጣ ከሆነ አየሩ ደርቆባት ይሆናል፤ ያረጀ ቆዳዋ ሳይወልቅ ተጣብቆ መቅረቱም እንዲሁ። የፓክማን እንቁራሪት በደረቅ ጊዜ በወፍራም የቆዳ ሽፋን ተጠቅልላ እስከ መደንዘዝ ትደርሳለች። መብላት ማቆምና መፍዘዝ የቅዝቃዜ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መስታወቱን እየታከኩ ያለ ዕረፍት መውጣትና መውረድ፣ ከዚያም መዝለፍለፍ ደግሞ የሙቀት። ከመጠን በላይ የሞቀች እንቁራሪት ስታገኙ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ፣ ክሎሪን በሌለው የክፍል ሙቀት ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ በቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጧት፤ የበረዶ ውሃ አትጠቀሙ፤ ድንገተኛው ለውጥ ራሱ ይጎዳታልና። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሻላት ተሳቢ እንስሳትንና በየብስም በውሃም የሚኖሩ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው።

መብራት ሲጠፋ በአንጻሩ መደናገጥ አያስፈልግም። ብዙዎቹ ዝርያዎች ለጥቂት ሰዓታት ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ማለትን ይችላሉ። አየር ማስገቢያውን ሳይዘጉ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ በጣም ከቀዘቀዘም ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው ከውጭ በኩል በአንድ ጎን ያስጠጉ፤ ኃይሉ ሲመለስም ከመተኛትዎ በፊት ቴርሞስታቱ ቀድሞ በነበረበት ቁጥር ላይ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ።