የከባድ መኪና እንግዳ ዕቃዎች፦ አይተን የምንሳሳትባቸው

አሜሪካ ውስጥ ትሬለር ከሚነዱ ሐበሾች አንዱ ነኝ። በቤት መኪና ከቤተሰብ ጋር ስሄድ ጥያቄው አያልቅም። «ያ ቢጫ ነገር ምንድነው? ያኛው ጎማ ለምን መሬት አይነካም?» መልሱን ሳልሰጥ ግምቱ ይቀድመኛል። አንዳንዱ የተሳሳተ ግምት ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው መጻፍ የፈለግሁት።

ቢጫውን ቀስት እንደ ጌጥ ማየት

በጎማ ዳዶዎች ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የፕላስቲክ ቀስቶች አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ይተያያሉ። ዳዶው ከላላ ቀስቱም አብሮት ይዞራል። ሹፌሩ መፍቻ ሳይነካ፣ በዓይኑ ብቻ የትኛው እንደላላ ያውቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ ፍሬን ወይም ኩሽኔታ ከመጠን በላይ ሲግል እንዲቀልጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

በጣም መጥፎው ስህተት የዞረውን ቀስት በእጅ መልሶ ማቃናት ነው። ጀማሪ ሳለሁ እኔም ላደርገው ስል አሠልጣኜ እጄን ያዘኝ። «ቀስቱን ተወው፣ ዳዶውን እይ» አለኝ። መጀመሪያ ዳዶው በልኩ ይጠብቃል፤ ቀስቱ ከዚያ በኋላ ነው። ጎማ ከተቀየረም ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቆሞ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል። አዲስ የታሰረ ጎማ ሲሄድ ይደላደላል፣ ዳዶውም ይላላል።

ጦር የመሰሉት የብር ቀለም ኮፍያዎች ግን ሌላ ናቸው። ሰው ይፈራቸዋል። ብዙዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ለውበትና ዝገት ለመከላከል ይደረጋሉ። እኔ አልወዳቸውም። የላላ ዳዶ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የዝገት መስመር ያወጣል። ኮፍያው ያንን መስመር ይሸፍንብኛል።

የኋላውን ብረት እንደ መወጣጫ መቁጠር

ከትሬለሩ ኋላ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ አግድም ብረት አለ። ሰው ይረግጠዋል፣ ሲጣመምም ማንም ግድ አይሰጠውም። ሥራው ግን ከኋላ የሚመጣ መኪና ከትሬለሩ ሥር እንዳይገባ ማገድ ነው። አሜሪካኖች በተዋናይዋ በጄን ማንስፊልድ ስም ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በሉዊዚያና የነበረችበት መኪና ከትሬለር ኋላ ገባ። ፊት የተቀመጡት 3 አዋቂዎች ሞቱ፤ ኋላ የነበሩት 3 ልጆቿ ተረፉ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በተሠሩ አብዛኞቹ ትሬለሮች ላይ የብረቱ ታችኛ ጠርዝ ከመሬት ከ56 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። የተጣመመ ብረት ይህን ሥራ አይሠራም። ሹፌር ከሆናችሁ ሳይጠገን አትውጡ። ከኋላ የምትከተሉ ከሆነ ደግሞ ብረቱ አለ ብላችሁ አትጠጉ።

በጎን በኩል የሚታየው ረጅም ሰሌዳ የበለጠ ያታልላል። ብዙ ሰው የደኅንነት መከላከያ ይመስለዋል። አሜሪካ ውስጥ የሚበዛው ነፋስ ከሥር ገብቶ እንዳይጎትትና ነዳጅ እንዲቆጠብ የተሠራ ስስ ሰሌዳ ነው። መኪና አያቆምም። አውሮፓ ውስጥ የሚታየው የጎን ብረት ግን በእርግጥ እግረኛና ብስክሌተኛ እንዳይገባ የተደረገ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ለተሰቀለው ጎማ ክላክስ መንፋት

ጎማው መሬት አልነካም ብላችሁ ስለምታስጠነቅቁን አመሰግናለሁ፣ ግን አልተበላሸም። መኪናው ባዶ ሲሆን ሹፌሩ አንዱን አክስል ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ጎማ ይቆጥባል፣ ነዳጅም ይቀንሳል። ስህተት የሚሆነው ተጭኖም እንደተሰቀለ ሲሄድ ነው።

የሚጎተት ሰንሰለት ጥሩ ነው ማለት

በቦቴ ኋላ መሬት እየነካ የሚሄድ ሰንሰለት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ያወርዳል ሲባል አድገናል። ዛሬ ነዳጅ ሲጫንና ሲራገፍ ይህን ሥራ የሚሠራው ለዚሁ የሚታሰር ሽቦ ነው። በአስፋልት ላይ የሚጎተት ሰንሰለት ብልጭታ ይፈጥራል፤ በደረቅ ወራት ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንገድ ዳር ሣር ያቃጥላል። ከጎማ አጠገብ የተንጠለጠሉ አጫጭር ሰንሰለቶች ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ሹፌሩ ማብሪያ ሲነካ እየተሽከረከሩ ጎማው ሥር ይገባሉ፤ በበረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ይረዳሉ።

«ፍሬን በጠሰ» ሲባል ቱቦ ተቆረጠ ብሎ ማሰብ

ከካቢኔው ጀርባ ጥምዝምዝ ያሉ ቀይና ሰማያዊ ቱቦዎች አሉ። ብዙ ሰው አየሩ ካለቀ ፍሬኑ ይለቃል ብሎ ያስባል። በትልልቆቹ መኪኖች ነገሩ ተቃራኒ ነው። አየሩ ሲያልቅ ፍሬኑን የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ነው፤ አየር ሲኖር ሞላውን ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ቀዩ ቱቦ ለተሳቢው አየር ይሰጣል። ቢቆረጥ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዛል። ሰማያዊው የፔዳሉን ትእዛዝ ያደርሳል። እሱ ከተቆረጠ ግን ፔዳሉን እስክትረግጡ ላታውቁት ትችላላችሁ።

ሁለቱን አቀያይሮ መሰካትም የጀማሪ ስህተት ነው። ሞላ ያለው ተሳቢ አይንቀሳቀስም፤ ስህተቱን ያጋልጣል። ሞላ የሌለው አሮጌ ተሳቢ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ፍሬን ሳይኖረው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ የተሳቢውን ፍሬን ሞክሩ።

ታዲያ በዓባይ በረሃ ወይም በጣርማ በር ቁልቁለት መኪናው ለምን እንቢ ይላል? ብዙ ጊዜ በሙቀት ነው። ፔዳሉ ሳያቋርጥ ሲረገጥ ፍሬኑ ይግላል፣ አየሩ ሙሉ ሆኖ እንኳ አይዝም። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስና መኪናውን በሞተር መያዝ ነው። በዘይት ፍሬን የሚሠሩት ትንንሾቹ ደግሞ ዘይቱ ከፈሰሰ በእርግጥም ፍሬን ያጣሉ።

ለዚህ ነው አገር ቤት ረዳቱ መኪናው ቆሞ ሳያበቃ ታኮ ይዞ የሚዘለው። ልክ ነው፤ ሞላ ቢኖርም ቁልቁለት ላይ ታኮ ያስፈልጋል። በታኮ ፋንታ ድንጋይ ካደረጋችሁ ግን ስትነሱ ከአስፋልቱ ላይ አንሡት። ማታ የሚመጣ ባለሞተር ያንን ድንጋይ አያየውም።