በአንድ ኪሎ ጭድ እንጉዳይ ማብቀል

ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ብቅ የሚለውን «የጅብ ጥላ» ብለን እናልፈዋለን። ልክ ነን፤ የሜዳውን ሳያውቁ መልቀም ቀልድ አይደለም። ቤት ውስጥ ግን ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ ከታወቀ ዘር ማብቀል ይቻላል። የደሴ ብርድ ደግሞ ይስማማዋል።

አንድ ኪሎ ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ ከ200 እስከ 300 ግራም የእንጉዳይ ዘር፣ ላስቲክ፣ ሲባጎና አልኮል አዘጋጁ። ዘሩ ነጭ ሻጋታ የለበሰ የማሽላ ወይም የስንዴ ፍሬ ነው። አረንጓዴ ጣል ጣል ካለበት አትግዙት።

ጭዱን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱና ድንጋይ ጭናችሁበት ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ድፈቁት። ሙቀቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለ ውሃው ሳይንተከተክ እንፋሎቱ ሲጎን ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማጠንፈፍ። እኔ የመጀመሪያውን ቸኩዬ ውሃው ሳይወርድ ሞላሁት። በአምስተኛው ቀን ቤቱ እንደ ከረመ ቡሆ ሸተተ፤ ሁሉንም ደፋሁት። አሁን ጭብጥ አድርጌ እጨምቀዋለሁ። አንድ ሁለት ጠብታ ጠብ ካለ ደርሷል። በጣቶቼ መሀል ከወረደ ይቆይ። ምንም ካልወጣም ደርቋል፤ ጥቂት የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ እረጨዋለሁ።

ጭዱ በደንብ ሲቀዘቅዝ እጃችሁን ታጠቡና አልኮል ተቀቡ። ላስቲኩ ውስጥ አንድ ረድፍ ጭድ፣ በላዩ ዘር፣ እንደገና ጭድ እያላችሁ ሙሉት። የጤፍ ጭድ ደቃቅ ስለሆነ አትጠቅጥቁት፤ አየር ያጣል። አፉን እሰሩና በንጹህ መርፌ ዙሪያውን ብሱት።

ጨለማ ጥግ አስቀምጡት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ደሴ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እኔ ኩሽና አጠገብ አደርገዋለሁ። ኮምቦልቻ ላላችሁ ይሄ ጣጣ የለባችሁም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ነጭ ይለብሳል። አረንጓዴ ካበጀ ሳትፈቱ ከቤት አውጡት።

ነጭ ከሆነ በኋላ ብርሃንና ነፋስ ወዳለበት አውጡት፤ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይንካው። ላስቲኩን ጥቂት ቦታ ሰንጠቅ አድርጉና በቀን ሁለት ሦስቴ ዙሪያውን ውሃ እርጩ። መጀመሪያ የክብሪት ጭንቅላት የሚያክሉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ እድገቱ ያስደነግጣል፤ ጠዋት ያያችሁት ማታ ሌላ ነው።

ጠርዙ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ዘለላውን ከነግንዱ ጠምዝዛችሁ ንቀሉ። ከዘገየ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል፤ ያስላል። በሽንኩርትና በቃሪያ ጥበሱት፤ ለጾም ቀን ሸጋ ነው።

ውሃውን አታቋርጡ፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንደገና ያበቅላል። ሦስት ጊዜ ካነሳችሁ በኋላ ጭዱን ጓሮ ጎመኑ ስር በትኑት።