የሆቴሉ ዋጋ ለምን ተለያየ? ልዩነቱን አስልቶ ምክንያቱን መለየት

ከፍራንክፈርት የመጣችው አክስቴ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ሦስት ሌሊት በድረ ገጽ አስይዛ ነበር። ዋጋው ለአንድ ሌሊት 80 ዶላር ይላል፤ ሦስቱ 240። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሻንጣው ተጭኖ፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ገብተው ሲጠብቁ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የቀረበላት ሒሳብ 303.60 ሆነ። አክስቴ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አነበበችው። «የእኔ ልጅ፣ ይህ የሌላ ሰው ሒሳብ ይሆናል» አለቻት ተቀባይዋን። ልጅቱ ጎንበስ ብላ፣ «የእርስዎ ነው እናቴ፤ ዋጋው ፕላስ ፕላስ ነበር» ብላ መለሰችላት።

ዕድሜዋን ውጭ አገር የገፋች ሴት ፕላስ ፕላስ ምን እንደሆነ ከየት ታውቃለች? ወደ እኔ ዞረች። እኔም ስልኬን አውጥቼ 303.60ን ለ240 አካፈልኩት፤ 1.265 መጣ። ያን ጊዜ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። 26.5 በመቶ በአገራችን ሆቴሎች የታወቀ ጭማሪ ነው፤ ልጅቱ ፕላስ ፕላስ ያለችው ይኸንኑ፣ በክፍሉ ዋጋ ላይ አገልግሎትና ታክስ መደመሩን ነው። በመጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርና 80ው 88 ይሆናል። ከዚያ በ88ቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 13.20፣ ይታከላል፤ 101.20። ይህ በሦስት ሲባዛ 303.60 ነው። በስሌቱ ውስጥ አንዲት ሳንቲም አልተሳሳተችም። የተበላሸው ዋጋው የተነገረበት መንገድ ነው፤ 80ው በትልቁ ተጽፎ፣ ጭማሪው ከማረጋገጫው ደብዳቤ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተቀብሮ ነበር። አክስቴ ከፈለች። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ግን ቃል አልተነፈሰችም። ለልጅ ልጆቿ ቁጠባዋን አራግፋ ያዘጋጀችው እረፍት እንደዚያ ማለቁ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ደውሎ «ዋጋው ተለወጠብኝ» ሲለኝ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትልቁን ቁጥር ለትንሹ አካፍሉት። ልዩነቱ በመቶኛ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል። ከሆቴሉ ጋር መነጋገር ያለብዎት ይህን ካወቁ በኋላ ነው።

ምልክት፦ ሲፈልጉ ያዩት ዋጋ ሲከፍሉ ጨመረ

ኢትዮጵያ ውስጥ ልዩነቱ 26.5 በመቶ ከሆነ ከላይ እንዳየነው አገልግሎቱም ታክሱም ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው። 15 በመቶ ከሆነ የቀረው ታክሱ ብቻ ነው፤ 10 ከሆነ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያው። መፍትሔው ከማስያዝዎ በፊት ለሆቴሉ በጽሑፍ መላክ ነው። ሲጽፉ ግን «ዋጋችሁ ስንት ነው?» አይበሉ፤ የሚመጣልዎት መልስ ያው የክፍሉ ዋጋ ነው። «ለሁለት አዋቂና ለአንድ የ7 ዓመት ልጅ፣ ለሦስት ሌሊት፣ ቁርስ፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ፣ ስወጣ በጠቅላላ የምከፍለው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን አያጥፉት። ሒሳቡ ከቀረበ በኋላ የነቁ ከሆነ የማረጋገጫውን ደብዳቤ እስከ ታች ድረስ ያንብቡ። «ታክስን ጨምሮ» የሚል ቃል ካለ በትሕትና ያሳዩና ከዚያ በላይ አልከፍልም ይበሉ፤ ካስያዙበት ድረ ገጽ የደንበኞች አገልግሎት ጋር እዚያው ቆመው ይደውሉ። ከወጡ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ጉልበቱ ይደክማል።

ውጭ አገርም ያው ነገር በሌላ ስም አለ። አምስተርዳም ከ2024 ጀምሮ በማረፊያ ዋጋ ላይ 12.5 በመቶ የቱሪስት ግብር ታስከፍላለች። ዱባይ ውስጥ ለአንድ ክፍል በሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም የሚደርስ፣ እንደ ሆቴሉ ደረጃ የሚለያይ፣ የቱሪዝም ድርሃም የሚባል ክፍያ አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ በድረ ገጹ አይከፈልም፤ ሆቴሉ ሲደርሱ ነው የሚጠየቁት። ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ለጥቂት ቀን የሚሄዱ ወገኖቻችን «ከፍዬ ጨርሻለሁ» ብለው የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ከግንቦት 2025 ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ ሆቴሎችና የአጭር ጊዜ ኪራይ ቤቶች «የሪዞርት ክፍያ»ን የመሰለ ማንኛውንም የግዴታ ክፍያ ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲያካትቱ ያስገድዳል። ደንቡ ግን የመንግሥት ታክስን እስከ መጨረሻው ገጽ ማቆየትን አይከለክልም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ወይም ሲያትል ሆነው ሲያስይዙ አሁንም መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ከፍ ቢል የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ጭማሪው ታክስ ብቻ መሆኑን ግን ያረጋግጡ።

ልዩነቱ በመቶኛ ሳይሆን እንደ 90 ዶላር ያለ ድፍን ቁጥር ከሆነ የጽዳት ክፍያን ይጠርጥሩ። በሙሉ ቤት ኪራይ ላይ የተለመደ ነው። አንድ ሌሊት ቢያድሩም አሥር ቢያድሩም ያው አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ለሁለት ሌሊት ሲሆን በየሌሊቱ 45 ዶላር ጨመረ ማለት ነው፣ ለዘጠኝ ሲሆን 10 ብቻ። ለአጭር ቆይታ ሆቴሉ የሚረክሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሌሊት ዋጋው ቤቱ ርካሽ ቢመስልም።

ምልክት፦ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል እያዩ ዋጋቸው ተለያየ

ቡና እየተፈላ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ተቀምጦ «የእኔ 71 ይላል፣ የአንቺስ?» የሚባልበት ክርክር በየቤቱ አለ። ልዩነቱ 10 በመቶ ገደማ ከሆነ በመጀመሪያ የሚታየው አንደኛው ሰው በድረ ገጹ ላይ በስሙ በከፈተው አካውንት ገብቶ እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ቡኪንግ ዶት ኮም አካውንት ለከፈተ ሰው ጂኒየስ በሚለው የአባልነት ደረጃ፣ ከመጀመሪያው እርከን ጀምሮ፣ በተሳታፊ ሆቴሎች 10 በመቶ ይቀንሳል። በስልክ ለሚያስይዝ ብቻ የሚሰጥ ቅናሽም አለ፤ ያንኑ ክፍል በኮምፒውተር ያየ ሰው አያገኘውም።

ከዚህ የበለጠ ልዩነት ከታየ ክፍሉ አንድ ይምሰል እንጂ ውሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ቢሰረዝ ገንዘቡ የማይመለስበት ነው፣ ሌላው እስከ መምጫው ዋዜማ በነጻ የሚሰረዝበት። አንደኛው ቁርስ አለው፣ ሌላው የለውም። የሰው ቁጥሩም መታየት አለበት፦ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ራሳቸው «ሁለት አዋቂ» ብለው ይጀምራሉ። አራት ሆነው የሚሄዱ ቤተሰቦች ይህን ሳይነኩ አስይዘው፣ ሲደርሱ ለተጨማሪ አልጋ ይጠየቃሉ። የልጆችን ዕድሜም በትክክል ያስገቡ፤ ብዙ ሆቴል ሕፃንን በነጻ ሲያሳድር የ12 ዓመቱን ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጥራል። ልጅን ደብቆ ማስያዝ ሲደርሱ የሚያሳፍር ከመሆኑም በላይ አያዋጣም።

ብዙ ሰው «ደጋግሜ ስላየሁት አውቆብኝ ጨመረው» ይላል። እኔ የብዙ ዘመዶችን ስልክ ይዤ የድረ ገጹን ታሪክ እያጠፋሁ ሞክሬዋለሁ፤ ዋጋው የተለወጠው ከአካውንት መውጣትና መግባት ሲኖር፣ ወይም ከክፍሎቹ አንዱ በሌላ ሰው ሲያዝ ነበር። ስለዚህ ጊዜዎን በዚህ አያባክኑ። ይልቅ ሁለቱም ስልኮች ከአካውንት ይውጡ፣ ገንዘቡ በአንድ ዓይነት ምንዛሪ ይሁን፣ የሰው ቁጥርና የስረዛ ውሉ አንድ ይሁን። ከዚያ አንድ በአንድ እየቀየሩ ይመልከቱ፤ ዋጋው የቱ ላይ እንደዘለለ ያገኙታል።

ምልክት፦ ከካርዱ የተቆረጠው ከተስማሙበት ትንሽ በለጠ

ከ1 እስከ 4 በመቶ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ሥራ አይደለም፤ የባንክዎ ነው። በውጭ ምንዛሪ ለሚደረግ ክፍያ ብዙ ካርዶች እስከ 3 በመቶ ያስከፍላሉ። ሌላው ወጥመድ ካርድ ማንበቢያው ላይ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «በዩሮ ይከፍላሉ ወይስ በራስዎ አገር ገንዘብ?» የራስን ገንዘብ ማየት ያጽናናል፤ ነገር ግን ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ባለቤት ነውና ዋጋው ከባንክዎ የባሰ ይሆናል። ሁልጊዜ የሆቴሉን አገር ገንዘብ ይምረጡ።

በኢትዮጵያ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ብዙ ሆቴሎች ዋጋቸውን በዶላር ይተምኑና ከአገር ውስጥ እንግዳ በብር ይቀበላሉ፤ የሚያሰሉትም ባስያዙበት ቀን ሳይሆን በሚከፍሉበት ቀን ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ ለብዙ ሰው መራራ ትምህርት ሆነ። በ57 ብር ገደማ አስልቶ ክፍል የያዘ ሰው በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው። ዛሬም ባንኮች የየራሳቸውን ተመን ስለሚያወጡ «በየትኛው ባንክ፣ በመግዣ ወይስ በመሸጫ ዋጋ?» ብለው ይጠይቁ። የሚቻል ከሆነ ዋጋው በብር ተቆርጦ እንዲጻፍልዎ ያድርጉ።

ምልክት፦ እስራኤል ውስጥ ልዩነቱ 18 በመቶ ሆነ

ይህን ለብቻው ያነሣሁት እዚያ ያሉ ቤተሰቦቻችን ስለሚደናገሩበት ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ በእስራኤል የተጨማሪ እሴት ታክስ 18 በመቶ ነው። የጎብኚ ፈቃድ ይዞ የገባ የውጭ እንግዳ ግን በሆቴል ከዚህ ታክስ ነጻ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣች እናትና ነታንያ የሚኖር ልጇ ለአንድ ዓይነት ክፍል የተለያየ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ልጁ ዜጋ ነውና ታክሱ ይታከልበታል። የውጭ ድረ ገጾች ታክስ የሌለበትን ዋጋ ሊያሳዩ ስለሚችሉ ሲደርሱ ይጨመራል። የእናቲቱን ክፍል በራሷ ስም አስይዙ፤ ፓስፖርቷንና የመግቢያ ወረቀቷን ይዛ ትቅረብ። ኤይላት ከተማ ግን ከዚህ ታክስ ነጻ የሆነ ቀጠና ስለሆነች እዚያ ይህ ልዩነት የለም።

ምልክት፦ ትናንት የነበረው ዋጋ ዛሬ ሰማይ ነካ፣ ወይም ያላሰቡት ሌሊት ተከፈለ

እዚህ መቶኛው አይረዳም፤ የሚታየው ቀን መቁጠሪያው ነው። ላሊበላ ለገና፣ ጎንደር ለጥምቀት ክፍል ውሱን ነው፤ ፈላጊው ከየአገሩ ነው። አንዳንዱ ሆቴል በእነዚያ ቀናት ከሦስት ሌሊት በታች አልሸጥም ስለሚል ድረ ገጹ ላይ ለአንድ ሌሊት ሲፈልጉ «ክፍል የለም» ይላል፤ ሦስት ሲያስገቡ ይመጣል። ከወራት በፊት፣ በነጻ በሚሰረዝ ውል፣ ማስያዝ ነው የሚያዋጣው።

የሁለቱ አቆጣጠሮች ግጭትም ገንዘብ ያስወጣል። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይመጣል። ከተራንና ጥምቀትን አስበው የያዙት ክፍል በአንድ ቀን ከተዛነፈ ተጨማሪዋን ሌሊት የሚገዙት በበዓሉ ዋጋ ነው። ገና ግን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል፤ በእኛ በኩል ነው ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 የሚመጣው።

ሌላው የሌሊት በረራ ነው። አውሮፕላንዎ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቦሌ ካረፈ፣ ድረ ገጹ ላይ የመግቢያ ቀን ዓርብ መሆን አለበት። ቅዳሜ ብለው ካስያዙ ክፍሉ የሚሰጥዎት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ለመተኛት ግማሽ ወይም ሙሉ የአንድ ሌሊት ዋጋ ይጠየቃሉ። አዳሩን አስቀድመው ከያዙ ለሆቴሉ «ሌሊት እደርሳለሁ» ብለው ይጻፉ፤ አለዚያ አልመጡም ብለው ክፍሉን ሊለቁት ይችላሉ።

ምልክት፦ ዋጋው ከሁሉም በጣም አነሰ

ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ያለ ቤት ከአካባቢው ዋጋ በግማሽ ቀንሶ፣ ባለቤቱም «ከድረ ገጹ ውጭ በቀጥታ ላክልኝ፣ ቅናሽ አደርጋለሁ» ካለ አይላኩ። ከድረ ገጹ የወጣ ገንዘብ ድረ ገጹ አይመልስልዎትም። የቤቱን ፎቶ በጉግል ምስል ፍለጋ ያስገቡ፤ ያው ፎቶ በሌላ አገር ቤት ስም ከመጣ ነገሩ ተገለጠ። እዚያ ከተማ ዘመድ ካለ ደግሞ ደጁ ድረስ ሄዶ በሩን እንዲያንኳኳ ይለምኑት።